ሦስተኛው ጩኸት

«ክፈቺ ብዬሽ ነበር።»

«አላልክም።»

«ብያለሁ። በእጄ ምልክት ሰጥቼሻለሁ።»

«እጅህ ከበሮ ይደበድብ ነበር፣ ጭንቅላትህ ላይ ታች ይል ነበር። የትኛው ነው ምልክቱ? ጸጉርህ?»

ከበሮ መቺው ጸጉሩን ዳሰሰ። እውነቷን ነዋ። ዘፋኝ ጓደኛው የሬሳ ሳጥን ውስጥ ነፍሱ ስትወጣ፣ እሱ አንገቱ ሊገነጠል እስኪደርስ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ማናጀሩ በስቱዲዮው መስታወት ማዶ አውራ ጣቱን ቀስሮ «አሪፍ ነው» ይል ነበር። አሁን የምትከራከረው የሟቹ እህት ራሷ በጠባቧ ክፍል በር ላይ ተቀምጣ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ነበር። ሁሉም ሰምተዋል። ሁሉም ዘፈን ነው ብለዋል።

ሬሳው ገና ከሳጥኑ አልወጣም፣ እነሱ ግን አናቱ ላይ ቆመው ይነታረካሉ። መርማሪዋ የደረሰችው እዚህ ላይ ነው። ስትገባ ማንም ልብ አላላትም።

ቁንጫ ይሏታል። ፊት ለፊቷ ማንም አይላትም እንጂ። ስሙን ያወጡላት ያሰረቻቸው ሰዎች ናቸው። አንዴ ልብስህ ውስጥ ከገባች ብታራግፍ አትወጣም፤ የት እንዳለችም አታውቅም፤ የምታውቀው ሲያሳክክህ ነው። አጭር ሴት ናት፣ ጫማዋ ድምፅ የለውም፣ ቦርሳዋ ከሷ ይከብዳል።

ሟቹ ደግሞ ጉሮሮ ነው የሚባለው። በአንድ የሄቪ ሜታል ባንድ ውስጥ ስንት ዘመን ጮኾ፣ ሰው ሁሉ ሳል ይዞት የመጣ መስሎት «ማር ጠጣ» ሲለው የኖረ ልጅ ነው። በቅርቡ ባንዱን ትቶ ለብቻው የመጀመሪያ አልበሙን ጀመረ። ስሙ «ሞቼም አልተኛም»። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ከመስታወት የሚወጣ ልጅ፣ ሬሳ የሚያጥብ ሬሳ፣ ባለቤቶቹን የሚበላ ቤት። የመጨረሻው ዘፈን በቁሙ የተቀበረ ሰው ታሪክ ነበር። ታዲያ ጉሮሮ «የተቀበረ ሰው ቆሞ አይዘፍንም» አለና እውነተኛ የሬሳ ሳጥን አሠራ። ማይክ በክዳኑ አስገባ፣ አየር እንዲያገኝ ከጎንና ከጎኑ ቀዳዳ አስበሳ፣ ተኛበት።

ሁለት ጊዜ ሞከረ። ሁለቱንም ጊዜ ዘፈኑ መሃል ላይ ክዳኑን በርግዶ ተነሣ። ሦስተኛው ላይ ተናደደና እህቱን ጠራት። «ከውጭ ቀርቅሪው። ዘፈኑ እስኪያልቅ እንዳትከፍቺ። ብለምንሽም ዘፈን ነው። ብሰድብሽም ዘፈን ነው። በእናታችን ብምልልሽም ዘፈን ነው።»

ቀረቀረችው። ዘፈኑ አለቀ። ከፈተችው። ሞቷል።

ሐኪሙ ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። ቁንጫን ከድሮ ያውቃታል።

«ታፍኖ ነው» አላት።

«ቀዳዳዎቹስ?»

«ክፍት ናቸው። በየተራ ጣቴን ከትቼ አየሁ።»

«ክፍት ከሆኑ እንዴት ታፈነ?»

«እሱን አንቺ ንገሪኝ። የዛን ደሞዝ የምትበዪው አንቺ ነሽ።»

ከዛ ሬሳውን በጎኑ አዞረላት። ከትከሻው በታች ቆዳው ነጣ ብሎ፣ ጠርዙ ቀልቶ፣ ውሃ ቋጥሯል። የጋለ ብረት የነካው ይመስላል። ሸሚዙ ግን ንክች አላለም። ከስር ያለችው ቀጭን ፍራሽም አልተቃጠለችም።

ቁንጫ ዙሪያዋን አየች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳዋ በስፖንጅ ተለብጧል፣ መስኮት የላትም። ለድባብ ተብሎ ሻማ በሻማ አድርገዋታል። ግማሹ መሬት ላይ ሳጥኑን ከቦ፣ ግማሹ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ነድደው ነድደው ጉቶ ሆነዋል፣ አሁንም ይበራሉ። መሬት ያሉት ሁሉ ጠፍተዋል። ገና ረጃጅም ናቸው።

«እነዚህን ማን አጠፋቸው?»

ተያዩ። ማንም አላጠፋም።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው። የአለቃዋ ድምፅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ባትለጥፈውም ይሰማል። «ሳጥኑን የቀረቀረችው እህቱ ናት አሉ። ምን ትጠብቂያለሽ? ይዘሻት ነይ፤ ጋዜጠኞች በሬ ላይ ቆመዋል።»

«ትንሽ ይታገሡኝ።»

«እስኪመሽ። ከዛ በኋላ ሌላ ሰው ልኬ አስመጣታለሁ።»

እህትየው ሰማች።  እጇን አየችው፣ መቀርቀሪያውን የገፋውን እጅ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

ቁንጫ ከመስታወቱ ማዶ ወዳለው መቅረጫ ክፍል ወሰደቻት። የተቀደደ ሶፋ አለ፤ ስንት ዘፋኝ ተኝቶበት ተነሥቶበታል። እህትየው ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ደረቷ ላይ መርፌ ሰክታ ረስታዋለች። የሳጥኑን ፍራሽ የሰፋችውም እሷ ናት። ኪሷ ውስጥ ስልክ ይንቀጠቀጣል። አውጥታ አየችው፣ «እማ» ይላል፣ መልሳ ከተተችው።

«አታነሺውም?»

«አንስቼ ምን ልበላት? ራት አቅርቤ ልጠብቃችሁ ወይ ነው የምትለኝ።»

ቁንጫ ጥያቄዋን ቀየረች። «ስትከፍቺው ምን ሆንሽ?»

«ጎንበስ ብዬ ላቅፈው ስል ዞረብኝ። ወደቅኩ። ማናጀሩ ጎትቶ አወጣኝ፤ እሱም ራሴን ራሴን አለ። ሐዘን ነው አሉን።»

«ማናጀሩ አዝኖ ነው?»

«እሱ እንኳን እስከዚህም።»

«ከበሮ መቺውስ?»

«እላዬ ላይ ነው የወጣው። ጉሮሮን በጥፊ ይመታዋል፣ 'ተነሣ ቀልድህን አቁም' ይለዋል።»

«የድምፅ ባለሙያውስ?»

«ጆሮ? በሩን በርግዶ ይዞልን ነበር። 'አየር ይግባ፣ አየር ይግባ' እያለ።»

«ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ እዛ ክፍል ማን ማን ገባ?»

«ሁላችንም። ወንድሜ ውጭ ውሃ ሲጠጣ እኔ ትራሱን ላስተካክል ገባሁ። ከዛ ማናጀሩ ሻማ ሊለኩስ። ይሄ ከበሮ መቺ ሲጋራ ሊያቀጣጥል ክብሪት ፍለጋ። ጆሮም ማይክ ሊያስተካክል።»

«ሲዘፍን የሰማሽውን ንገሪኝ።»

እህትየው መርፌውን ከደረቷ ነቀለችው፣ መልሳ ሰካችው። «በረደኝ አለ።»

«ግጥሙ ላይ አለ?»

«የለም። ግጥሙ እሳት ነው። 'ከላዬ አፈር፣ ከታቼ እሳት' ነው የሚለው። ሲያጠና እኔ ነኝ የማነብለት። አሁን ግን በረደኝ አለ፤ ከታች በረደኝ አለ። ከዛ ክፈቺ አለ። ከዛ የማላውቀውን ጮኸ።» ወደ ቁንጫ ቀና አለች። «ብለምንሽም ዘፈን ነው ብሎኛል እኮ።»

 ቁንጫ ሃያ ዓመት የሰው ሬሳ አይታለች፣ ለዚህ ዓይነቱ ግን መጽናኛ አላገኘችለትም።

ቀጥሎ ከበሮ መቺውን ጠራችው። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ክንዱ ላይ የራስ ቅል ተነቅሷል፤ የራስ ቅሉ በውፍረት ምክንያት ፈገግ ብሏል።

«ባንዱን ጥሎ ሲሄድ አልተናደድክም?»

«ተናድጃለሁ እንጂ። የመኪናውን ጎማ አስተንፍሻለሁ።»

«ትነግረኛለህ ደግሞ?»

«እሱም ያውቃል። 'ነፋኸው ወይስ አስተነፈስከው፣ ልዩነቱን አላየሁትም' አለኝ። ከዛ ና ከበሮ ምታልኝ አለኝ፣ መጣሁ። የተናደደ ሰው ጥሩ ይመታል።» ዓይኑን በራስ ቅሉ ጠረገ። «ዛሬ ግን አበላሸሁት።»

«ምኑን?»

«መግቢያዬን። ዘፈኑ በሹክሹክታ ነው የሚጀምረው፤ ያቺን ሹክሹክታ ሰምቼ ነው የምገባው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጆሮዬ ስር ነው የሚያንሾካሹከው፣ ምራቁ ሁሉ ይሰማኝ ነበር። በሦስተኛው ከሩቅ ሆነብኝ፣ ጎረቤት ቤት የሚያወራ መሰለኝ። ጆሮን ድምፁን ጨምርልኝ አልኩት። 'የዘፋኙን ማይክ አልነካም፣ በዚሁ ሂድ' አለኝ። ገምቼ ገባሁ። ትንሽ ዘገየሁ።»

«በዚህ ነው የምታለቅሰው?»

«በምን ላልቅስ ታዲያ? በሌላው ማልቀስ አልጀመርኩም።»

ማናጀሩ ሲገባ ስልኩን ገና አልዘጋም ነበር። ሱፍ ለብሷል፣ ሱፉ ላይ የሻማ ሰም ተንጠባጥቦበታል። ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ጀርባውን አይተዋል? እሳት እያለ ዘፈነ፣ ተቃጠለ። እኔ በነዚህ ነገሮች አላምንም፤ ሕዝቡ ግን ያምናል። ከአሁኑ አልበሙ እርጉም ነው እየተባለ ነው።»

«ማን ነው የሚለው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ግን ተቀበሉት።»

«የሞተ ዘፋኝ ይሻልሃል ማለት ነው።»

«ኧረ በሕግ። ሌላ ሁለት አልበም አስፈርሜዋለሁ። ሬሳ ምን ይዘፍንልኛል?» አለና ምን እንዳለ ሲገባው አንገቱን ደፋ። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሰለ።

ቁንጫ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እግሯን ለማፍታታት ነው ብላ ነበር፤ ዓይኗ ግን ዝም ብሎ የሚፍታታ ዓይነት አይደለም። ጥግ ላይ ነጭ የፎም ሳጥን አየች፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት ላዩ ላይ ተጥሏል። ክዳኑን አነሣችው። ባዶ ነው። ደረቅም ነው፤ የውሃ ጠብታ የለበትም።

«ይሄ ምን ነበረበት?»

«የጭስ በረዶ» አለ ማናጀሩ ከኋላዋ። «ጠዋት ለአልበሙ ሽፋን ፎቶ ስንነሣ ፎቶ አንሺዋ ያመጣችው ነው። ሲቀልጥ ውሃ አይሆንም፣ ጭስ ይሆናል። ሳጥኑ ዙሪያ አድርገን ሙቅ ውሃ ስናፈስበት ጭሱ ወጥቶ መቃብር መስሎ ነበር። በባዶ እጅ ከነኩት ይልጣል።»

«የት ሄደ?»

«ተንኖ አልቆ ይሆናላ።»

ፎቶ አንሺዋ ጋ ደወለች። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት፤ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰዎች «እዚህ ጋ እይ፣ ወፏን እይ» ይሉታል። የጉሮሮን ሞት ገና አልሰማችም።

«በረዶው አለቀ? እንዴት ያልቃል? ከግማሽ በላይ ነበር። ክዳኑ ከተዘጋ እስከ ነገ ይቆያል፤ ነገ ሌላ ሥራ ስላለኝ ነው እዛ የተውኩት።»

«አደገኛ ነው?»

«ዝግ ቦታ ውስጥ አዎ። ውሃ ካልፈሰሰበት ጭሱ አይታይም፣ ግን ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ታች ታች ይተኛል፣ አየሩን ገፍቶ ያስወጣዋል። መኪና ውስጥ ዘግታችሁበት እንዳትቀመጡ፣ ትሞታላችሁ ብያቸዋለሁ።»

«ለማን ነው ያልሽው?»

«ለሁሉም። ተሰብስበው ቆመው ነበር። ምነው፣ የሆነ ነገር ተፈጠረ?»

ቁንጫ ስልኩን ዘጋች። ያን ሁሉ ሰው አስራ፣ «ምን ተፈጠረ» ለሚል ሰው ግን መልስ መስጠት አትችልበትም።

የቀረው ጆሮ ነው። የድምፅ ባለሙያው። ቀጭን፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ ሲያወራ ሌላውን ላለመረበሽ ይመስል በቀስታ ነው። ማዳመጫዎቹን በጨርቅ እየወለወለ ጠበቃት። እሱና ጉሮሮ ከልጅነት አንድ ሰፈር ናቸው፤ ስማቸውን ያወጣው ያው ሰፈሩ ነው፣ አንዱ ይጮሃል አንዱ ይሰማል።

«ሦስተኛውን አሰማኝ» አለችው።

«ይችላሉ? በጣም ቆንጆ... በጣም ከባድ ነው ማለቴ ነው።»

ማዳመጫውን ደፋላት። መጀመሪያ ሹክሹክታ መጣ፣ ከሩቅ። ከበሮው ዘግይቶ ገባ። ከዛ ትንፋሽ፤ ደረጃ እየሮጠ የወጣ ሰው ትንፋሽ፣ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ። «በረደኝ።» ከዛ ጣውላ መደብደብ። ከዛ ጩኸቱ መጣ። ቁንጫ ዓይኗን ጨፈነች። ሰው እንዲህ ሲጮህ በሩን ሰብራ ለመግባት ነው የተፈጠረችው፣ አሁን ግን የሚሰበር በር የለም። ጩኸቱ ጥርት ያለ ነበር፣ እያንዳንዱ ጭረቱ ተለይቶ ይሰማል። ቀነሰ። ማንኮራፋት መሰለ። ቆመ። ሙዚቃው ብቻውን ሄዶ ሄዶ አለቀ። መጨረሻ ላይ የጆሮ የራሱ ድምፅ ገባ፣ ለስለስ ብሎ። «ያዝኩት። ይሄው ነው።»

ማዳመጫውን አወለቀች። 

«የመጀመሪያዎቹ ሁለቱስ?»

«እነሱ አይረቡም። ጉሮሮ ምንም የሚፈራው ነገር የለም፣ ችግሩ እሱ ነበር። አስመስሎ ነው የሚጮኸው። አፍ ይጮሃል፣ ሆድ ዝም ይላል። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ነው።»

«ነግረኸዋል?»

«ስንቴ። ይስቅብኛል።»

«እስኪ ሁለተኛውን አሰማኝ።»

አሰማት። ሹክሹክታው ጆሮዋ ስር ሆነ፣ ምራቁ ሁሉ ይሰማል። ቁንጫ አመሰገነችው፣ ማዳመጫውን በጨርቁ ወልውላ መለሰችለት።

ሊመሽ ነው። ሁሉንም መቅረጫው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሶፋው ስለማይበቃ ከበሮ መቺው መሬት ተቀመጠ፣ ማናጀሩ ቆመ፣ እህትየው የቅድሙ ጫፍ ላይ፣ ጆሮ የራሱ ወንበር ላይ። ሐኪሙ በሩን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል። በሩ ውጭ ደግሞ አለቃዋ የላካቸው ሁለት ፖሊሶች ደርሰው ቆመዋል። የመጡት ለእህትየው ነው። እሷም ታውቃለች፤ ቦርሳዋን አንግባ ነው የተቀመጠችው።

«ቀዳዳ ያለው ሳጥን ውስጥ ሰው ታፈነ» አለች ቁንጫ። «ቀኑን ሙሉ ያሳከከኝ ይሄ ነው። አየር አለ፣ አየር የለም። ከዛ ሻማዎቹን አየሁ። ላይኞቹ ነድደው አለቁ፣ ታችኞቹ ገና ረጃጅም ሳሉ ጠፉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ላይ ያለው እሳት ሲተነፍስ ታች ያለው ሞተ። ስለዚህ ታች የተኛ ነገር ነበር። እንደ ውሃ የሞላ፣ ግን የማይታይ።»

«በረዶው» አለ ማናጀሩ።

«በረዶው። ከዛ 'በረደኝ' አለ። እሳት እያለ መዝፈን የነበረበት ሰው ከታች በረደኝ አለ፣ ጀርባውም ተላጠ። እሳት ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው፤ አንተ ራስህ በባዶ እጅ አይነካም ብለኸኛል። አንድ ሰው ያን በረዶ በጓንት አፍሶ፣ ፍራሹ ስር አነጠፈው። ፍራሹ ቀጭን ነው። እሱ ሲተኛበት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይተናል፣ ሲተን ሳጥኑን ይሞላል፣ ሞልቶም በቀዳዳው ወደ ክፍሉ ይፈሳል። ሥራውን ሲጨርስ ራሱን ያጠፋል። እኔ ስደርስ ጠብታ እንኳን አልተረፈም።»

ከበሮ መቺው ወደ ማናጀሩ ዞረ። ማናጀሩ ወደ ከበሮ መቺው።

«አትተያዩ» አለች። «ሁላችሁም ገብታችኋል፣ ሁላችሁም በረዶው እንደሚገድል ተነግሯችኋል። እሺ፣ ማን ነው? ሳጥኑ ሲከፈት እህትየው አንገቷን ከታ ወደቀች። ማናጀሩ ሊያወጣት ገብቶ ዞረበት። ከበሮ መቺው እላያቸው ላይ ወጣ። መርዝ እዛ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አንገቱን አይከትም። አንድ ሰው ብቻ አልገባም። በሩን በርግዶ 'አየር ይግባ' ያለ ሰው።»

ጆሮ ማዳመጫውን መወልወሉን አላቆመም። «ሰው ሲወድቅ አየር ያስፈልገዋል። ይሄ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። በዚህ ብቻ አላስርህም ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ ሰው በር በኃይል ሊወረውር ሲል ጆሮህን የምትይዘው መቼ ነው?»

«ሳይወረውረው።»

«እንደሚወረውረው ካወቅክ ነው እንጂ። ካላወቅክ ቀድሞ ይደነቁርሃል። የጉሮሮ ጩኸት ሁለቴ ያው ነበር፣ ማይኩም ለዛ ልክ ነበር። በሦስተኛው ጉሮሮ በሕይወቱ ጮኾት የማያውቀውን ጮኸ። ማይኩ በቅድሙ ልክ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ተሰነጣጥቆ ይበላሽ ነበር። አልተበላሸም። ምክንያቱም ማይኩ ከመጀመሪያው ተቀንሷል፤ ሹክሹክታው ሳይቀር ጠፍቶ ከበሮ መቺው መግቢያውን እስኪያጣ ድረስ። ይሄን በራሴ ጆሮ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አስተያይቼ ሰምቻለሁ።»

«ሳላውቀው ነክቼው ይሆናል።»

«ጨምርልኝ ሲልህ አልነካም አልከው» አለች ቁንጫ። «ያ ጩኸት እንደሚመጣ በዚህ ቤት ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ቦታ አዘጋጅቶለት ጠበቀው።»

 

ጆሮ ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ። «እንዲሞት አይደለም» አለ። «ትንሽ እንዲፈራ ነው። ትንሽ ትንፋሽ እንዲያጥረው። እንደለመደው በርግዶ ይነሣል ብዬ ነው በረዶውን ያደረግኩት። ይቀርቅሩኝ ይላል ብዬ አላሰብኩም።»

«ሲያስቀረቅር እዚሁ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«በረደኝ ሲል ሰምተሃል። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባህ አንተ ብቻ ነህ። እሷ ዘፈን መስሏታል። አንተ ግን ታውቃለህ። ለምን አላስቆምክም?»

ልጁ ለመዋሸት የሞከረ ይመስላል፤ ከንፈሩ ተከፍቶ ተዘጋ። «ላስቆም ነበር። እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ነበር። ግን ድምፁ... እየተሻሻለ ሄደ። ትንሽ ልቆይ አልኩ። ከዛ ደግሞ ትንሽ።»

ከበሮ መቺው ሊነሣ ሲል ሐኪሙ ትከሻውን ተጭኖ አስቀመጠው። 

«ስንት ጊዜ ነበረኝ?» አለች እህትየው። ለማንም አይደለም የምታወራው። ሐኪሙን አየችው። «በረደኝ ሲል ብከፍት?»

ሐኪሙ ጫማውን አየ። «ይድን ነበር» አለ። 

ቁንጫ በሩን ከፍታ ፖሊሶቹን ጠራቻቸው፣ የሚወስዱትን ሰው አሳየቻቸው። የመጡለት ሰው ስላልሆነ ግራ ገብቷቸው ቦርሳዋን ያነገበችውን ሴት አዩ። «እሷን አይደለም» አለች ቁንጫ። እንዲህ ያለ ቃል ተናግራ ከዚህ በፊት ደስ ይላት ነበር። ዛሬ አፏ ውስጥ አፈር አፈር አላት።

«ቅጂውስ?» አለች እህትየው። «ያን ነገር እናቴ እንዳትሰማው። አጥፉልኝ።»

«አልችልም» አለቻት ቁንጫ። «ማስረጃዬ እሱ ነው። ፍርድ ቤት ይሰማል፤ ደግሞም አንዴ ብቻ አይሆንም።»

«ከዛ በኋላስ?»

ቁንጫ ማናጀሩን አየችው። ማናጀሩ ስልኩን እያየ ነበር፣ ስልኩ ሳይጠራ። ከዛ በኋላ ቅጂው ለሽያጭ እንደሚወጣ ሁሉም ገባቸው፣ ማንም ግን የሚያስቆምበትን መንገድ አያውቅም።

ጆሮ እጁ ታስሮ በር ላይ ሲደርስ ዞረ። ዓይኑ እህትየው ላይ ነው። ያቺው ለስላሳ ድምፁ ናት።

«እትዬ፣ ብትጠዪኝ አልፈርድብሽም። ግን እወቂ፤ ዕድሜ ልኩን ሲፈልገው የኖረው ይሄን ድምፅ ነው። የፈለገውን ነው የሰጠሁት።»

«እሱ የፈለገው ቶሎ ጨርሶ ቤት መግባት ነበር» አለችው። «ጥርሱን አሞታል።»